ስለ ወገቧ ያልጠየቀው ሰው

ቆሎም ሆነ ኦቾሎኒ ስገዛ የተጠቀለለበትን ወረቀት አንብቤ ነው የምጥለው። የአስተማሪነት አመል ነው፤ የተጻፈ ነገር ሳይነበብ ሲጣል ያሳዝነኛል። አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው የተማሪ የፈተና ወረቀት ነው፤ አንዳንዴ ያረጀ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይገጥመኛል። ባለፈው ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ መገናኛ ታክሲ እየጠበቅሁ የገዛኋት የሃያ ብር ኦቾሎኒ ግን የተጠቀለለችው በሰው መታወቂያ ነበር። ፎቶ ኮፒ ቤት ተጣሞ የወጣና የተጣለ ኮፒ ነው። የአንድ ጎልማሳ ፊት ግማሹ በቀለም ጠቁሯል። ጽሑፉ ግን ጥርት ብሎ ይነበባል፤ ስም ከነአባት ከነአያት፣ የትውልድ ዘመን፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ ከታች ደግሞ አደጋ ቢደርስ የሚጠራ ሰው ስምና ስልክ። ኦቾሎኒዋን ጨርሼ ወረቀቷን እንዳለች ከቆሻሻ መጣያው ጨመርኳት። ሳልቀዳድዳት። ከሦስት ሳምንት በኋላ የደረሰብኝ ሲደርስብኝ መጀመሪያ ዓይኔ ላይ የመጣው ያ ግማሽ ፊት ነው።

የእኔ መታወቂያስ ስንት ቦታ ነው ያለው ብዬ አንድ ሌሊት መቁጠር ጀምሬ ነበር። ክረምት ላይ ቤት ስንቀይር ፊትና ጀርባውን በስልኬ አንስቼ ለደላላው በቴሌግራም ላክሁለት፤ ደላላው ለሌላ ደላላ፣ ያኛው ደግሞ ለአከራይዋ አስተላለፈ። ለልጄ የትምህርት ቤት ምዝገባ አንድ ኮፒ ሰጥቻለሁ። ለዘመድ ልጅ ለሥራ ዋስ ስሆን ሁለት ኮፒ። ለባንክ፣ ለዕድር፣ ለቁጠባ ማኅበር፣ ለሲም ካርድ። ዐሥራ አንድ ድረስ ቆጥሬ ተውኩት። ከዐሥራ አንዱ የአንዱ እንኳ መድረሻ የት እንደሆነ ልናገር አልችልም።

እኛ ሀገር የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም። ሴትም ስታገባ ስሟን አትለውጥም፤ እኔ እስከ ዛሬ የአባቴ ልጅ፣ የአያቴ የልጅ ልጅ ነኝ። ውጭ ሀገር ባንኮች ደንበኛቸውን ለመለየት እናትህ ከማግባታቸው በፊት ማን ይባሉ ነበር ብለው ይጠይቃሉ። እኛ ጋ ይህ ጥያቄ ምስጢር ሊሆን አይችልም፤ እናቴ በልጅነቷም በእርጅናዋም ስሟ ያው ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። የአያት ስም ግን ሌላ ክብደት አለው። ጎረቤት በስሜ ይጠራኛል፣ ተማሪዎቼ ቲቸር ይሉኛል፤ አያቴን ጨምሮ የሚጠራኝ ወረዳ ነው፣ ፍርድ ቤት ነው፣ ባንክ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በስልክ ሦስቱንም ስም አከታትሎ ሲጠራኝ፣ ገና ምን እንደፈለገ ሳይናገር፣ የሚያውቀኝ ክፍል ነው ብዬ አምኜ ጨርሻለሁ።

ሰውየው የደወለው በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። የዕድራችን አባል የሆኑ አንድ አዛውንት አርፈው ወደ ቀብር እየሄድኩ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ነጠላዬን ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ ለብሻለሁ፣ ከጎኔ ጎረቤቴ ተቀምጣለች፣ ረዳቱ ሂሳብ ይሰበስባል። ስልኩን ሳነሳ በጣም የታረመ፣ የተረጋጋ ድምፅ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ» አለና ሦስቱንም ስም ጠራ። «የምንደውለው ከስልክ አገልግሎት ነው። በእርስዎ መታወቂያ ሁለተኛ ሲም ካርድ ወጥቶ ለማጭበርበር ሥራ ውሏል። ያወጡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ አላወጣሁም!» አልኩ። ልቤ መምታት ጀመረ።

«የቤት ቁጥርዎ ይህ አይደለም?» ብሎ ቁጥሩን ነገረኝ። ትክክል ነበር። የድሮው ቤታችን ቁጥር፣ መታወቂያዬ ላይ ያለው።

«ነው።»

«አይዞዎት፣ አይደንግጡ። አሁኑኑ እንዘጋዋለን። ፖሊስ ዘንድ ሳይደርስ ነው የደወልንልዎ።»

አይዞዎት የሚለውን ቃል እስከ ዛሬ ሳስበው ይቀፈኛል። ስርቆቱን የሠራው ከስርቆት ሊያስጥለኝ የመጣ መስሎ ነው። ኮከብ፣ ኮከብ፣ 21፣ ኮከብ ብዬ እሱ የሚነግረኝን ስልክ ቁጥር እንድጽፍ፣ መጨረሻ ላይ ያችን የመሰላል ምልክት ጨምሬ እንድደውል አደረገኝ። «የተጭበረበረው ሲም በዚህ ይታገዳል» አለኝ። ቀጥሎ «አሁን አምስት አሃዝ ይመጣልዎታል፣ ያንብቡልኝ» አለ። መጣ። ከቁጥሩ ሥር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማሳሰቢያ ነበረ። እንግሊዝኛ አነባለሁ፤ ግን ሚኒባሱ ይንገጫገጫል፣ ሰውየው ይጠብቃል፣ ጎረቤቴ ምን ሆንሽ እያለች ክንዴን ትነካኛለች። ቁጥሩን ብቻ አንብቤ ነገርኩት። አምስቱንም፣ አንድ በአንድ፣ ጮክ ብዬ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ መልካም ቀን ይሁንልዎ» ብሎ ዘጋ።

እፎይ አልኩ። ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

የሆነውን አሁን ነው በቅጡ የማውቀው። የመጀመሪያው፣ ኮከብ ኮከብ 21፣ ሲም የሚያግድ አልነበረም። ለእኔ የሚደወለውን ጥሪ ሁሉ ወደ ሌላ ቁጥር የሚያዞር ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ለእኔ የደወለ ሁሉ የሚጠራው የሌባው ኪስ ውስጥ ነበር። አምስቱ አሃዝ ደግሞ የቴሌግራሜ መግቢያ ነው። ቴሌግራም ንግግራችንን የሚያስቀምጠው ስልኩ ላይ ብቻ ስላልሆነ ቁጥሩን የያዘ ሰው በሌላ ስልክ ሲገባ የዓመታት ወሬያችንን ሁሉ ያገኘዋል፤ እህቴ የላከችልኝን የልደት መልእክት፣ የባሌን የገበያ ዝርዝር፣ የልጄን የክትባት ካርድ ፎቶ፣ ከአክስቴ ጋር ስለ ዕቁብ ያወራነውን። ሰውየው ቁጭ ብሎ አነበበን። ማን ማንን ምን ብሎ እንደሚጠራ አጠና።

ታናሽ እህቴ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። አምስተኛ ዓመቷ ነው። እኔ ለእሷ ስጽፍ ሁልጊዜ «ሆዴ» ብዬ ነው የምጀምረው። ከልጅነቷ ጀምሮ ነው፤ እማዬ ገበያ ስትሄድ በጀርባዬ አዝያት ስዞር የወጣ ቃል ነው። የእሷና የእኔ ብቻ ነው ብዬ አምን ነበር። ሌባው የጻፈላት መልእክት የሚጀምረው «ሆዴ» ብሎ ነው።

«ሆዴ፣ እማዬ ድንገት ወድቃ ሆስፒታል አስገብተናታል። ዛሬውኑ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል ብለውናል። ቅድሚያ ክፍያ 45 ሺህ ጎድሎኛል። ካለሽ ቶሎ በዚህ ሂሳብ አስገቢልኝ፣ የሐኪሙ ረዳት ሂሳብ ነው።»

የሪያድና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር። እኔ በዚያች ሰዓት ከመቃብሩ ዳር ቆሜ የሟቹ የበኩር ልጅ አፈር ሲጨምር አያለሁ። እህቴ ደግሞ የአሠሪዎቿን ልጆች አስተኝታ ኩሽና ውስጥ ስልኳን ይዛ ታለቅሳለች። ሞኝ አይደለችም። ብሩን ከመላኳ በፊት በመደበኛው መስመር ሁለት ጊዜ ደውላልኛለች። ጠርቷል፣ አልተነሳም። ጥሪው የሚሄደው ወደ እሱ ስለነበረ አየው፤ ወዲያው ጻፈላት፤ «ሆዴ ሲደወል አየሁ፣ ክፍሉ ውስጥ ስልክ አያስነሱም»። ስለዚህ ማጣራቷ ራሱ ለእሱ ማስረጃ ሆነለት። ብሩን ከአንድ ባንክ ሂሳቧ በስልኳ አስተላለፈች። የአምስት ወር ጥሪቷ ነው። ደሴ ያለችው አክስቴም የዕቁቧን 6 ሺህ ብር ሰጥታለች።

ያተረፈችን እማዬ ናት።

እማዬ ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው። ፊደል አልቆጠረችም። የረባ ስልክም የላት፤ የምናወራው በወንድሜ ልጅ ስልክ ነው፤ ልጁ ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ወይም ቅዳሜና እሑድ ያገናኘናል። እማዬ ስለማታነብ ለእሷ በድምፅ እንጂ በጽሑፍ ልኬላት አላውቅም። ሌባው ይህን አላስተዋለም፤ ወይም አስተውሎ የእኔን ድምፅ ከየት ያምጣው። እናትሽ ታመመች ተብሎ ለእናት ስለማይጻፍ ለእሷ ሌላ ታሪክ ፈጠረ። «እማዬ መኪና ገጭቶኝ ሕክምና ላይ ነኝ፤ 10 ሺህ ብር ከወንድሜ ተቀብለሽ ላኪልኝ» ይላል። ልጁ እየተንቀጠቀጠ አነበበላት።

እሷ ያለችውን ልጁ ደጋግሞ ስለነገረኝ ቃል በቃል ይዤዋለሁ።

«እስቲ ደግመህ አንብበው» አለች። ደገመላት።

«ሌላ የለውም?»

«የለውም አያቴ።»

«ድምፅሽን ላኪ በላት።»

ላከ። «ማውራት አልችልም እማዬ፣ አፌ ተጎድቷል» የሚል መጣ።

«ጣቷ ደኅና ሆኖ አፏ ብቻ ተጎዳ?» አለች እማዬ። ቆየት ብላ ደግሞ «ይሄ ልጄ አይደለችም። ልጄ ነፍሷ እየወጣ እንኳ ቢሆን ወገብሽ እንዴት ነው ሳትለኝ ሌላ ነገር አትጀምርም። ይሄ ሰው ስለ ወገቤ አልጠየቀም» አለች።

እማዬ ከወንበር ወድቃ ወገቧን ከተጎዳች ስድስት ዓመቷ ነው። እንዴት አደርሽ፣ ወገብሽ እንዴት ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ሌላው ወሬ የሚመጣው። አንድም ቀን አቋርጬው አላውቅም፤ ግን እንደ ማኅተም ያገለግላል ብዬ አስቤውም አላውቅ። ሰላምታችን ረጅም ነው እየተባለ ሲወቀስ እኔም አብሬ የተስማማሁበት ጊዜ አለ። ዛሬ አልስማማም።

እማዬ ወዲያው ልጁን ባሌ ጋ እንዲደውል አዘዘችው። ባሌ ለእኔ ደወለ፤ አይነሳም። አሁንም ደወለ፤ አይነሳም። ከዚያ ከጎኔ የነበረችውን ጎረቤቴን አስታውሶ ደወለላት። ከቀብር ተመልሰን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ነበር፣ ንፍሮ ይታደላል። ስልኳን አቀበለችኝ። «ደኅና ነሽ?» አለኝ ባሌ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ደኅና ነኝ፣ ምነው?» ስለው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

የራሴን ስልክ ስከፍት ሌባው አሁንም እየጻፈ ነበር። በራሴ ስም፣ በራሴ ፎቶ፣ ለአንዲት የድሮ ተማሪዬ ብር ሲጠይቅ መልእክቶቹ ዓይኔ እያየ ይወጣሉ። ያን ማየት እንዴት እንደሆነ መግለጽ ያቅተኛል። ከሟቹ ቤተሰብ አንድ ወጣት ስልኬን ተቀበለኝና ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስስ የሚለውን ከፈተ። ሁለት ስልክ ይታያል፤ የእኔና ሌላ። ሌላውን አስወጣው። እኔን እስከዚያ ያላስወጣኝ ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ቴሌግራም ላይ አዲስ የገባ ስልክ ነባሩን ለ24 ሰዓት ማስወጣት አይችልም። ያቺ አንድ ቀን ናት የባለቤቱ ዕድል፤ የዘገየ ሰው ግን የራሱን ቤት ከውጭ ተቆልፎበት ያገኘዋል። ወጣቱ ቀጥሎ ሁለት ጊዜ መሰላል፣ ሁለት ዜሮ፣ 2፣ መሰላል ብሎ ደወለ፤ ወደ ሌላ የተዞረ ጥሪ ሁሉ የሚሰረዘው በዚህ ነው፤ ##002#። በዚያች ቅጽበት የእህቴ ጥሪ ገባ።

«እማዬስ?» አለችኝ።

ነገርኳት። እማዬ ደኅና እንደሆነች፣ እንዳልታመመች፣ የጻፍኩላት እኔ እንዳልሆንኩ። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። መሬት ላይ ስትቀመጥ ይሰማኛል፣ ልብሷ ከግድግዳው ጋር ሲታከክ። «እማዬ ደኅና ከሆነች ይቅር» አለች። «ብሩ ይቅር፣ እኅቴ።» ለፋሲካ ልትመጣ አስባ ነበር። አልመጣችም፤ መምጫዋ አንድ ዓመት ተራዝሟል። ከብሩ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሆዴ ብዬ ስጽፍላት ትንሽ ዝም ትላለች። ሁለታችንም አናነሳውም።

ሰኞ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። መልእክቶቹን ከስክሪኑ ላይ ፎቶ አንስቼ አትሜያለሁ፣ የተላከበትን የሂሳብ ቁጥርና ሰዓቱን ይዣለሁ፤ ይህን ያደረግሁት ሰው መክሮኝ ነው፣ ጠቅሞኛልም። መርማሪው ታጋሽ ሰው ነበር። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሌላን ሰው የኤሌክትሮኒክ ማንነት መረጃ ያለ ፈቃዱ ማግኘትን፣ መያዝን፣ መሸጥንና ማስተላለፍን ራሱን የቻለ ወንጀል እንዳደረገው የሰማሁት ከእሱ ነው፤ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50 ሺህ ብር መቀጮ ነው። ብር ባይወሰድ እንኳ መረጃውን መያዙ ብቻ ያስጠይቃል ማለት ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም በ2016 ወጥቷል፤ ቁጥሩ 1321/2016 ነው። አንድን መረጃ የተቀበለ ሰው ከተቀበለበት ዓላማ ውጭ እንዳያውለው ያስገድዳል። ቤት ለመከራየት የሰጠሁት መታወቂያ ለቤት ኪራይ ብቻ ነው። ይህን አስቀድሜ ባውቅ ደላላውን ውሉ ካለቀ በኋላ ፎቶዎቹን አጥፋልኝ ለማለት አፌን አይዘኝም ነበር።

ባንኩ ሂሳቡን ሲያግደው ውስጡ የቀረው 312 ብር ነው። ገሚሱ በኤቲኤም ወጥቷል፣ ገሚሱ ወደ ሌሎች ሂሳቦች ተላልፏል። የሂሳቡ ባለቤት ግን ተገኘ። በሁለተኛው ሳምንት መርማሪው ጠራኝ።

ቂም ይዤ ነው የሄድኩት። ስንት ቀን ያ የተረጋጋ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ሲጮህ ሰንብቷል፤ ፊቱን ማየት እፈልግ ነበር። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሃያ ዓመት ያልሞላው የሚመስል ልጅ ነው። የላስቲክ ጫማው ላይ የደረቀ ሲሚንቶ አለ። መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል፤ ጣቶቹ ተሰነጣጥቀዋል፣ ቆዳው ነጭ ሆኗል። ሲናገር ድምፁ ያ አይደለም። ከምዕራብ ጎጃም ለቀን ሥራ ከመጣ ስምንት ወሩ ነው።

«እትዬ፣ ደሞዜ የሚገባበት ነው ብሎኝ ነው» አለኝ።

አንድ ሰው ሕንፃ ሥራ ላይ አግኝቶት ጥበቃ አስቀጥርሃለሁ ብሎታል። መታወቂያውን ይዞ ባንክ ወስዶ በስሙ ሂሳብ አስከፍቶታል፤ ሲም ካርድ በስሙ አስወጥቶታል። ካርዱንም፣ የምስጢር ቁጥሩንም፣ ሲሙንም «መሥሪያ ቤቱ ይመዘግበዋል» ብሎ ተቀብሎት ሄደ። መታወቂያውንም እንዲሁ። ልጁ ሦስት ወር ሙሉ የጥበቃ ሥራውን ጥሪ ሲጠብቅ ኖሯል። በስሙ የሰው ብር ሲገባና ሲወጣ እሱ አሸዋ ይሸከም ነበር።

«ባንክ ቤት ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። በሩ ላይ ጫማዬን ላውልቅ ስል ሳቁብኝ» አለ። መርማሪው አንገቱን ደፋ። እኔም አንድ ቃል አልወጣኝም። የእህቴን ብር የተቀበለው ሂሳብ የእሱ ነው፤ እሱ ግን ያን ብር አላየውም። ስሙ ከእጁ ወጥቶ ሲሰርቅ ውሏል፤ የእኔም ስም እንደዚያው። ሁለታችን አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ቃላችን እስኪጻፍ ጠበቅን።

በዚያው ሳምንት እሑድ ቤተሰቡን ቡና ላይ ሰበሰብኩ፤ ወንድሜም እማዬን ይዞ ከደብረ ብርሃን መጣ። ሁሉም ስልክ ላይ የቴሌግራም ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አበራን፤ አምስቱ አሃዝ ቢወጣ እንኳ ሌላ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። የተዞረ ጥሪ ካለ የሚያሳየውን *#21# እየደወልን አየን። የመታወቂያ፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የፓስፖርት ፎቶ ከየንግግሩ ውስጥ እየፈለግን አጠፋን፤ ይህ ብቻ ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ የአሥር ዓመት ልጄን የልደት ወረቀት ለአራት ሰው ልኬ አገኘሁት። አሁን ኮፒ ስሰጥ ፊቱና ጽሑፉ ላይ አግድም በእስክሪብቶ «ለቤት ኪራይ ውል ብቻ» ብዬ ቀኑን እጽፍበታለሁ። ፎቶ ኮፒ ቤት የተበላሸውን ጠይቄ ተቀብዬ እቀደዋለሁ። ልጆቹ መጀመሪያ አልወደዱትም፣ አሁን እነሱ ናቸው የሚያስታውሱኝ።

ብር የሚጠይቅ መልእክት ሲመጣም የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ተስማምተናል። መልሱ የትም ተጽፎ አያውቅም፤ አባታችን በሕይወት እያለ ቤት ውስጥ ብቻ ይነገር ከነበረ ነገር ነው። ለእህቴ የነገርናት በድምፅ፣ በራሷ ጥሪ፣ ፊቷን እያየን ነው። እማዬ ግን ጥያቄውን አልፈለገችውም። «የእኔ ወገብ ይበቃል» አለች።

የዕድሩ ዳኛ በወሩ ስብሰባ ላይ ዐሥር ደቂቃ እንድናገር ፈቀዱልኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ታክሲ ውስጥ ጮክ ብዬ ማንበቤንም ጭምር። መጀመሪያ ያፈርኩበት ነገር ነበር፤ አስተማሪ ሆና እንዲህ ትታለላለች ይሉኛል ብዬ ለሁለት ሳምንት ከቤተሰቤና ከፖሊስ በቀር ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ያ ሁለት ሳምንት ይቆጨኛል። ስብሰባው ሲያልቅ አንዲት እናት ከኋላ ነጠላዬን ያዝ አድርገው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። ባለፈው ረቡዕ ለእርሳቸውም ተደውሏል፤ እርሳቸውም አንብበዋል። ልጆቻቸው እንዳይቆጧቸው ፈርተው ደብቀውት ነበር። ስልካቸውን ስከፍተው ጥሪያቸው አሁንም ወደ ሌላ ቁጥር እንደተዞረ ነበር። አራት ቀን ሙሉ የደወለላቸው ሁሉ እርሳቸውን አላገኘም። ልጆቻቸው ግን እናታችን ስልክ ማንሳት ሰንፋለች ብለው ቆጥረውታል።

ከቀን ሠራተኛው ልጅ ጋር መገናኘታችን ፖሊስ ጣቢያው ላይ አላበቃም። መርማሪው ተጠርጣሪነቱን ካነሳለት በኋላም መታወቂያ ስላልነበረው የሚቀጥረው አጣ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ምን ላድርግ ብሎ ሊጠይቀኝ ነው የመጣው፤ ሌላ የሚያውቀው ሰው የለም። ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ ላይ እንዲመዘገብ ነገርኩት። የዲጂታል መታወቂያ አዋጁ ቁጥር 1284/2015 ነው፤ ሰነድ የሌለው ሰው በምስክር መመዝገብ ይችላል። የሀገሩ ልጅ የሆነ፣ አብሮት የሚሠራ፣ ፋይዳ ያለው ጎልማሳ ምስክር ሊሆነው ተስማማ። ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችን ሄድን።

ተራው ሲደርስ ዓይኑን መሣሪያው ወዲያው አነበበው። ፎቶም ተነሳ። ጣቶቹ ላይ ሲደርስ ግን እንቢ አለ። አራቱን ጣት መስታወቱ ላይ ጫነ፣ ቀይ መብራት በራ። ደግሞ ጫነ፣ ቀይ። ሲሚንቶው አሻራውን በልቶታል። ልጁ እጁን እያየ ላብ አጠመቀው፤ ጥፋት የሠራ ይመስል ወደ እኔ ዞረ። መዝጋቢዋ ወጣት ናት፤ ተነሥታ እርጥብ ጨርቅ አመጣችና ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገችለት፤ ከቦርሳዋ ቅባት አውጥታ ቀባችው፤ መልሳ ጠረገችው። «ቀስ ብለህ፣ ጠበቅ አድርገህ» አለችው። በአራተኛው አረንጓዴ በራ። ዐሥሩም ጣት እስኪያልቅ ግማሽ ሰዓት ወሰደ፤ ከኋላ የተሰለፈው ሰው ማጉረምረም ጀምሯል።

የሚመጣው ቁጥር 12 አሃዝ እንደሆነ፣ በስልኩ በአጭር መልእክት እንደሚደርሰው፣ ከዚያ በኋላ የሚላክለትን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም እንዳያነብ ነገረችው። ስልኩ አዲስ ነው፣ ሲሙን ራሱ አውጥቶ ራሱ ይዞታል። ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችና «ስምህ ልክ ነው?» አለችው።

ጎንበስ ብሎ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። የራሱን ስም አለፈ። የአባቱን አለፈ። የአያቱ ስም ላይ ቆመ። ከኋላችን አንድ ሰው «ኧረ ቶሎ በሉ!» አለ።

«አይደለም» አለ ልጁ። «አያቴ ላይ አንድ ፊደል ቀርቷል።»

«ብዙም ለውጥ የለው...» ብላ ጀመረች መዝጋቢዋ።

«አንድ ፊደል ቀርቷል» አለ ደግሞ፣ ቀና ብሎ።

መለሰችና አጠፋችው። እንደገና ስትጽፈው ፊደል በፊደል አጠገቧ ሆኖ ጠራላት።